ልጆቻችን በጅምላ ድምር ሳይሆን በሚያውቁት ትምህርት ይመዘኑ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የሚለቀቅበት ሰሞን በከተሞቻችን ምን እንደሚመስል ለመራጩ ሕዝብ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ኔትወርክ ይጨናነቃል። አባት ከሥራ ቀርቶ የልጁን የመፈተኛ ቁጥር ደጋግሞ ይጽፋል፣ እናት ስለቷን ትቆጥራለች፣ ጎረቤት "እንዴት ሆነላችሁ?" ብሎ ለመጠየቅ ይፈራል። ከሠላሳ ቤት አንዱ እልል ሲል ሃያ ዘጠኙ በሩን ዘግቶ ያደረበት ዓመትም ነበር። ይህ ለማጋነን የተባለ አይደለም፤ መንግሥት ራሱ ያወጣው ቁጥር ነው።

የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች፣ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ፈተናውን የወሰዱት፣ ከ896 ሺህ በላይ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ያለፉት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። መንግሥት ይህንን "መሻሻል" ብሎ ሲያበስር ሰምታችኋል። ያለፉት ልጆች ቁጥር ወደ 49 ሺህ ማደጉ እውነት ነው፤ እኛም እሰየው እንላለን። ነገር ግን በእነዚሁ ሦስት ዓመታት ለፈተና የሚቀመጠው ተማሪ ከ896 ሺህ ወደ 586 ሺህ ገደማ መውረዱ አብሮ ሲነገር አልሰማንም። መቶኛው ከፍ ያለው በከፊል አካፋዩ ስላነሰ ነው። እነዚያ ወደ ፈተናው አዳራሽ ያልደረሱት ልጆች የት ገቡ?

ከዚህ ቀጥሎ የምንለው በተሳሳተ መንገድ እንዳይተረጎም አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ፓርቲያችን ወደ ኩረጃ ዘመን እንመለስ አይልም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ሰዓቱ ሳይደርስ በማኅበራዊ ድረ ገጽ ተበትኖ ፈተናው በሙሉ በመላ ሀገሪቱ ሲሰረዝ፣ ከ250 ሺህ በላይ ልጆች እንደገና ሲጠሩ፣ በምትኩ የተሰጠው ፈተና እንዳይወጣ ማኅበራዊ ድረ ገጾች ሲዘጉ አይተናል። መልስ በወረቀት ቁራጭ፣ በስልክ፣ አንዳንዴም በራሳቸው በፈታኞች በኩል የሚገባበት ጊዜ ነበር። ፈተናው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መግባቱ ይህንን በእጅጉ ቀንሶታል። ተቃዋሚ ስለሆንን ብቻ መልካሙን መጥፎ አንልም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ሌባው ከተባረረ በኋላ የቀረው ሚዛን ራሱ ትክክል ነው ወይ የሚል ነው። ደጃፉ የሚጠበቅ ነጋዴም እኮ ሚዛኑ የተዛባ ሊሆን ይችላል።

ዛሬ የ12ኛ ክፍል ፈተና በአንድ ወረቀት ሦስት ሥራ እንዲሠራ ተገድዷል። አንደኛ፣ ልጁ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሷል ብሎ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ይወስናል። ሦስተኛ፣ ከገባ በኋላ ሕክምና፣ ምሕንድስና ወይስ ሒሳብ አያያዝ ይማር የሚለው ምደባ ላይ ወሳኝ ድምፅ አለው። ሦስቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በአንድ ድምር ግን ይመለሳሉ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ዕድሜው የገፋ መራጭ ማትሪክን ያስታውሳል፤ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም በማትሪክ ካለፉት ወገን ነው። በማትሪክ ዘመን ከኤ እስከ ኤፍ በየትምህርቱ ተለይቶ የተጻፈ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር። አንድ ሰው ኬሚስትሪው ቢበላሽበትም በእንግሊዝኛውና በሒሳቡ ሥራ ይቀጠርበት፣ በግል ተፈታኝነት እንደገና ተመዝግቦም ያሻሽለው ነበር። ከዚያ በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርት ፖሊሲ ተከትሎ የ10ኛ ክፍል ፈተና በ1993 ዓ.ም.፣ የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ተጀመሩ። ከዓመታት በኋላ የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ሲቀር ሸክሙ ሁሉ በ12ኛ ክፍል ጫንቃ ላይ ወደቀ። ማትሪክን ለማወደስ አልተነሳንም፤ የራሱ በደል ነበረው። የትምህርት ዓይነቱን ለይቶ ማየቱ ግን ጥሩ ልማድ ነበር።

ድምር እንዴት እንደሚያሳስት በምሳሌ እናሳይ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የተፈተነው ስድስት ነው፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ። ድምሩ ከ600 ሲሆን ማለፊያው 300 ነው። አንዲት ተማሪ በሒሳብ 84፣ በፊዚክስ 79 አመጣች እንበል። በእንግሊዝኛ 35፣ በኬሚስትሪ 38፣ በባዮሎጂ 31፣ በአፕቲትዩድ 29 አላት። ድምሯ 296 ነው፤ ወደቀች። ጎረቤቷ ደግሞ በሒሳብ 33፣ በፊዚክስ 36 አመጣ፤ በእንግሊዝኛ 62፣ በባዮሎጂ 66፣ በኬሚስትሪ 51፣ በአፕቲትዩድ 54 አለው። ድምሩ 302 ሆነ፤ አለፈ፤ ምደባው ምሕንድስና ሊያደርሰውም ይችላል። ድልድይ የሚሠራልን ማን ቢሆን ይሻለን ነበር? ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ባዮሎጂ ወይም ጤና ቢማር ጎበዝ ይወጣዋል። ልጅቷም በእንግሊዝኛ ደካማ መሆኗ ሊታረም የሚገባው ነው። ነገር ግን የአሁኑ ሥርዓት ለሁለቱም የሰጠው መልስ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የመጣው ከልጆቹ ሳይሆን ከመደመሩ ነው።

ወደ 50 በመቶው እንምጣ። ብዙ ሰው 50 በመቶ ማለት "ግማሹን ማወቅ" ይመስለዋል። ሕግ የተማረ ሰው ሒሳብ ሲያወራ ባያምርበትም ይህንን ግን በመዳፍ ማስላት ይቻላል። ጥያቄዎቹ ባለ አራት ምርጫ ናቸው። 60 ጥያቄ ባለው ፈተና 20ውን ብቻ በትክክል የሚያውቅ፣ የቀሩትን 40 ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ተማሪ ከአርባው በአማካይ አሥሩን ይመታል። 20 እና 10 ተደምሮ 30 ነው፤ 50 በመቶ ማለት ነው። ስለዚህ ማለፊያው የሚጠይቀው የግማሹን ሳይሆን የሲሶውን እውቀት ነው። ሲሶውንም ያላወቁት ከዘጠና በመቶ በላይ መሆናቸው የሚያስደነግጥ ነው። በሌላ በኩል ግን ፈተናው አንድ ዓመት ከብዶ ሌላ ዓመት ቢቀል፣ ያው 50 በመቶ አንድ ዓመት ጎበዙን ይጥላል፣ ሌላ ዓመት ደካማውን ያሳልፋል። ቁጥሩ ክብ ስለሆነ ብቻ ፍትሐዊ አይሆንም። መንግሥትም ይህንን በልቡ የሚያውቀው ይመስለናል፤ አለዚያ "ወድቀዋል" ካላቸው መካከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን ረሜዲያል ብሎ ለምን መልሶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይጠራቸዋል? በፊት በር አስወጥቶ በጓሮ በር ማስገባት ፖሊሲ አይደለም።

አፕቲትዩድ የሚባለው ደግሞ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ከስድስቱ አንዱ፣ ማለትም ከድምሩ አንድ ስድስተኛው እርሱ ነው፤ ነገር ግን እንደ ፊዚክስ ወይም እንደ ታሪክ የራሱ መማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጅቶለት በክፍል የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። የከተማ ወላጅ ይህንን ስለሚያውቅ ልጁን ቅዳሜና እሑድ ማጠናከሪያ ይልካል፣ አስጠኚ ይቀጥራል፣ የጥያቄ ጥራዝ ይገዛል። ከከተማ ዳር ያለ የቀን ሠራተኛ ልጅ ግን ያንን ዓይነት ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ፈተናው ቀን ነው። "የተፈጥሮ ችሎታ መለኪያ" ተብሎ የገባው ነገር የኪስ መለኪያ ሆኗል።

ሁሉም ነገር በአንድ ሰሞን መወሰኑስ? ልጅ ወባ ይነሳበታል፣ ቤተ ሰብ ሐዘን ይደርስበታል። ከዚህም የከፋ አለ። በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ዓመታት ያለ ፈተና ያለፉ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በግጭቱ ሳቢያ ትምህርታቸውም ፈተናቸውም የተስተጓጎለ ልጆች አሉን። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት በር እነዚህን ልጆች የሚጠይቃቸው እውቀታቸውን ሳይሆን ዕድላቸውን ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ከተመረጠ የሚያደርገው የሚከተለውን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይለያል። ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ባይገባም፣ በየትምህርቱ ያመጣው ውጤት የተዘረዘረበት፣ ቀጣሪና የቴክኒክና ሙያ ተቋም የሚቀበለው የምስክር ወረቀት በእጁ ይይዛል። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ ባዶ እጁን የሚወጣ ዜጋ መኖር የለበትም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ደግሞ በመላ ሀገሪቱ አንድ ዓይነት ደረጃ ባለው፣ በየትምህርቱ ተለይቶ በሚሰጥና በሚያዝ ፈተና ይሆናል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ለሁሉም የጋራ ይሆናሉ፤ ከዚያ ውጭ የሚፈለጉትን ሁለት ትምህርቶች የሚወስነው ልጁ ሊማር የሚፈልገው ሙያ ነው። ለሕክምና ባዮሎጂና ኬሚስትሪ፣ ለምሕንድስና ፊዚክስና ኬሚስትሪ፣ ለሕግ ታሪክና ጂኦግራፊ እያልን እንደምንለው ማለት ነው። ዝርዝሩን የየሙያው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች ተስማምተው ከሁለት ዓመት በፊት ያሳውቃሉ። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። በአንዱ ትምህርት የወደቀ ልጅ ያንኑ ብቻ ይደግማል፤ ያለፈባቸው ሦስት ዓመት ይጸኑለታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙከራዎች ክፍያ አይኖራቸውም።

ይህ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ለዲግሪ ትምህርት የሚያበቃ አጠቃላይ ውጤት ካስቀመጠች በኋላ፣ ተማሪውን በየሙያው ስትመድብ ለሙያው የሚያስፈልጉትን አራት ትምህርቶች ለይታ ትመዝናለች። ሕንድ በ2014 ዓ.ም. ለማዕከላዊ ዩኒቨርሲቲዎቿ በየትምህርት ዓይነቱ የሚሰጥ የጋራ መግቢያ ፈተና ጀምራለች። የሕንድ ነገር ግን ትምህርት ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያም ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት በኮምፒውተር የተሰጠው ፈተና በብዙ ጣቢያ ተበላሽቶ ልጆች ተንገላትተዋል፣ ቀኑም ተዛውሯል። "አሜሪካኖች እንኳ የየትምህርቱን የመግቢያ ፈተና በ2013 ዓ.ም. አስቀርተውታል" የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ነገር ግን እዚያ ፈተናው የሁለተኛ ደረጃ ማርክ፣ የመምህራን ምስክርነትና ሌላም ሌላም ባለበት ላይ የተጨመረ ትርፍ ነበር። እኛ ዘንድ የሚታመን ሌላ ማስረጃ ገና አልተገነባም።

እዚሁ ሀገራችንም ነገሩ ወደ መበታተን እያመራ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝ የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ በኋላ የመጀመሪያው ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል። ሌሎቹም ቢከተሉ የደሴ ወይም የጅማ ወላጅ ልጁን ይዞ ከከተማ ከተማ ፈተና ፍለጋ ሊዞር ነው። ራስ ገዝነቱን አንቃወምም፤ ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገውን ትምህርትና ነጥብ የመወሰን መብቱ የተጠበቀ ይሁን። ፈተናው ግን አንድ ሆኖ ውጤቱ በሁሉም ዘንድ ይሠራ ነው የምንለው።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ፤ እንዲህ ያለ ፈተና በትእዛዝ አይወለድም። ጥያቄ አውጪዎችን ሆቴል ዘግቶ በሦስት ሳምንት ፈተና ማስጻፍ ቀላል ነው፤ የምንፈልገው ግን ይህ አይደለም። በመጀመሪያ በየትምህርቱ ምን ያህል ጥያቄ ከየትኛው ክፍል፣ ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚወጣ፣ ስንቱ ሽምደዳ ስንቱ ማሰብ እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ ለሕዝብ ይታተማል። የፈተናው ይዘት ምሥጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ ምሥጢሩ ጥያቄው ብቻ ነው። ቀጥሎ ከሁሉም ክልሎች የተውጣጡ የክፍል መምህራን፣ ከየዩኒቨርሲቲው ከመጡ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ጥያቄ ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ ለእውነተኛ ፈተና ከመዋሉ በፊት በጥቂት ትምህርት ቤቶች ይሞከራል። ጎበዙ ሲስተው ደካማው የሚመታው ጥያቄ ይጣላል። የመቀሌ ልጅና የአርባ ምንጭ ልጅ እኩል እያወቁ እኩል የማይመልሱት ጥያቄ ካለም ይጣላል። የተረፈው በጥያቄ ባንክ ይቀመጣል። ባንኩ በቂ ሲሆን ለአንድ ፈተና አንድ ሳይሆን ብዙ የተለያየ ቅጂ ማውጣት ይቻላል፤ አንዱ ቅጂ ቢሰረቅ ሀገር አቀፍ ፈተና አይሰረዝም፣ ኢንተርኔትም አይዘጋም። በሰኔው ዙርና በጥሩ ዙር መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ደግሞ በሁለቱም ዙር በሚደገሙ ጥቂት የጋራ ጥያቄዎች አማካይነት ተሰልቶ ይታረማል። ይህ ሥራ በሌሎች አገሮች የተለመደ የሙያ ሥራ ነው፤ የሚችሉት ባለሙያዎችም በዩኒቨርሲቲዎቻችን አሉ። የጎደለው ጊዜና ነፃነት ነው።

ጊዜውን ለመስጠት ተዘጋጅተናል። የመጀመሪያው ዓመት ለሕጉና ለሰንጠረዡ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ለመጻፍና ለመሞከር፣ ሦስተኛው ከአሁኑ ፈተና ጎን ለጎን በፈቃደኛ ተማሪዎች ለማየት ይውላል። ሙሉ በሙሉ የሚተካው በአራተኛው ዓመት ነው። በኮምፒውተር መስጠቱን በተመለከተ፣ መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል የጀመረውን አናፈርሰውም፤ ነገር ግን መብራት በሚጠፋበትና ልጁ ማውዝ ይዞ በማያውቅበት ትምህርት ቤት ወረቀት ይቀጥላል። ፈተናው የሚሰጥበት ቋንቋ ጉዳይ፣ እጅግ አንገብጋቢ ቢሆንም፣ በዚህ ማኒፌስቶ የቋንቋ ፖሊሲ ክፍል ለብቻው ተመልክቷል።

ነፃነቱን በሕግ ማረጋገጥ ግድ ይላል። ዛሬ ሥርዓተ ትምህርቱን የሚቀርጸው፣ ትምህርት ቤቱን የሚመራውና ፈተናውን የሚያወጣው ያው አንድ ቤት ነው። አስተማሪውም ፈታኙም ዳኛውም አንድ ከሆነ ውጤቱ ሲበላሽ ተጠያቂው ሁልጊዜ ተማሪው ይሆናል። ስለዚህ የፈተናው ተቋም ከትምህርት ሚኒስቴር ወጥቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ ይሆናል፤ ሪፖርቱን በየዓመቱ ለምክር ቤቱም ለጋዜጦችም እኩል ያቀርባል። የማለፊያ ነጥብ በጋዜጣዊ መግለጫ አይታወጅም፤ በመመሪያ ይወጣል። መመሪያም በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት ረቂቁ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ፣ አስተያየት ተሰብስቦበት ሊጸድቅ ይገባዋል። ይህ እኛ የምናወጣው አዲስ ሕግ አይደለም፤ ያለው ሕግ ይከበር ነው የምንለው። በዚሁ አዋጅ በአስተዳደር ውሳኔ የተጎዳ ዜጋ ፍርድ ቤት የመሄድ መብት አለው። ውጤቱ ስሕተት ነው ብሎ የሚያምን ተማሪም የራሱን መልስ መስጫ ወረቀት አይቶ፣ በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ አግኝቶ፣ ካልረካ ለገለልተኛ ጉባኤ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ቅሬታ ማለት ድረ ገጽ ላይ ቅጽ ሞልቶ መልስ ሳያገኙ መቅረት ማለት መሆኑ ያበቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ ከሚሰጥ ማኅበራዊ አገልግሎት ዜጎች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የዩኒቨርሲቲ ወንበርም በእናንተው ግብር የተገዛ ነው።

በየስብሰባው የሚነሱልን ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንዱ "ደረጃ ዝቅ ልታደርጉ ነው" የሚል ነው። እንዲያውም ለብዙዎች ይከብዳል። ዛሬ በሒሳብ 33 አምጥቶ ምሕንድስና የሚገባ ልጅ ነገ አይገባም፤ ሒሳቡን ደግሞ እስኪያልፍ ድረስ መመለስ አለበት።

ሁለተኛው፣ በተለይ ከከተማ ወላጆች የሚመጣው፣ "የሀብታም ልጅ በዓመት ሁለቴ አስጠኚ ቀጥሮ ይፈተናል፣ የእኛስ?" የሚል ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ አስጠኚ መቅጠርን በሕግ መከልከል አይቻልም፣ ቢቻልም አንሞክረውም። የምናደርገው እያንዳንዱ ዙር ካለቀ በኋላ ለቀጣዩ ዙር በጋራነት ከሚያዙት ጥቂት ጥያቄዎች በቀር ቀሪውን ከነመልሱና ከነማብራሪያው አትመን ለየትምህርት ቤቱና ለየቀበሌው ቤተ መጻሕፍት በነፃ ማዳረስ ነው፤ በሬዲዮም ይብራራል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚደግሙ ልጆች ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ የማጠናከሪያ ክፍል ይከፈታል፤ ለመምህሩም የትርፍ ሰዓቱ ይከፈለዋል። አፕቲትዩድ ከመግቢያ ነጥብ ይወጣል። ዛሬ 11ኛ እና 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ደግሞ በተመዘገቡበት ደንብ ይጨርሳሉ፤ በመካከል ሕግ አይለወጥባቸውም። አዲሱ ሥርዓት የሚመለከተው ይህ መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ 9ኛ ክፍል የሚገቡትን ነው፤ ለእነርሱም የየትምህርቱ ሰንጠረዥ 11ኛ ክፍል ከመድረሳቸው በፊት በእጃቸው ይገባል።